ብረቱ ይግባ፣ ቀጥቃጩ ከደጅ ይቁም?

ከተሜው ወገናችን ቤቱን በእጅ ሥራ ማስጌጥ ወድዷል። ደግ አደረገ። ሳሎኑን ሞልቶት የኖረው የፕላስቲክ አበባ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ የጀሶ አንበሳና ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የመጣ አብረቅራቂ ፈረስ ሰልችቶታል። አሁን የሚያምረው የሰው እጅ ያረፈበት ነገር ነው፤ ተቀጥቅጦ ወፍ የሆነ ብረት፣ ተጠርቦ ፊት ያወጣ ጥቁር ድንጋይ። ሆቴሉም፣ ሎጁም፣ የባንክ ቅርንጫፉም ይህንኑ ፈለግ እየያዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ ፍላጎት ጋር አይደለም። ጠቡ ከፍላጎቱ ሥር ከተደበቀ አንድ አሮጌ ነውር ጋር ነው፦ ብረቱን እናደንቃለን፣ ብረት ቀጥቃጩን እንንቃለን። ሥራውን ከግድግዳችን ላይ እንሰቅላለን፣ ሠሪውን ከደጃፍ እንመልሳለን።

ነውሩ በመላ አገሪቱ አለ። ጎልቶ የሚታይበትን ሥፍራ መምረጥ ካስፈለገ ግን ወደ ቡናው አገር፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንውረድ። ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው ምድር ቡና ያለ ብረት አይለማም። ጫካው የሚመነጠረው በገጀራ ነው፤ ጉድጓዱ የሚቆፈረው በዶማ ነው፤ አረሙ የሚነሣው በመኮትኮቻ ነው። የፋብሪካ መሣሪያ ሳይመጣ በፊት ይህን ሁሉ የሠራው፣ ከመጣም በኋላ ሲዶለዱም የሚስለው፣ ሲሰበር የሚቀጥለው የመንደሩ ቀጥቃጭ ነው። በካፋ ቀጥቃጮቹ «ቀሞ» ይባላሉ፤ ሌሎቹ ባለ እጆች «ማኖ» ናቸው። «ማንጆ» የሚባሉት ደግሞ ጥንት በአደን ይተዳደሩ የነበሩ፣ አደኑ ከቀረ ወዲህ ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል እየሸጡ የሚኖሩ ናቸው። እነዚህ ወገኖች በየደረጃቸው ከሌላው እንዳይጋቡ፣ ከአንድ ማዕድ እንዳይበሉ፣ ማንጆዎቹማ ከሌላው ቤት ደፍ እንዳያልፉ ሲከለከሉ ኖረዋል። ወጉ ከካፋ ውጪም በጎረቤቶቹ ዘንድ መልኩን እየለወጠ የነበረ ነው። ዛሬ ላልቷል እንጂ አልሞተም።

እስቲ ነገሩን ልብ እንበለው። ብረት ያለ እሳት አይለዝብም፤ የቀጥቃጭ እሳት ያለ ከሰል አይነድም። ከሰሉን የሚያከስለው አንዱ የተገፋ ሰው፣ ብረቱን የሚቀጠቅጠው ሌላው የተገፋ ሰው ነው። እርሻው በሁለቱ ትከሻ ላይ ቆሞ ሳለ በማዕዱ ዙሪያ ለሁለቱም ቦታ ጠፋ። «ኑ ቡና ጠጡ» ተብሎ ጎረቤት ሲጠራራ እነርሱ ከጥሪው ውጪ ነበሩ። የቡና ሥርዓታችንን የእንግዳ ተቀባይነታችን ምስክር አድርገን ለዓለም የምናቀርብ ሰዎች፣ ይህችን ገጽ ከማስታወቂያው ላይ ቀድደን አስቀርተናታል።

ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማየት ከዚሁ ምድር የወጣ አንድ ታላቅ የብረታ ብረት ሥራ እናንሣ፤ የካፋ ነገሥታትን ዘውድ። በ1890 ዓ.ም. መባቻ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርኮ ወደ አዲስ አበባ ሲወሰድ ዘውዱም አብሮ ሄደ። ከዚያም የአፄ ምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊሱ ተወላጅ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ ብዙ ዓመት ከርሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ዩልዩስ ቢበር ካፋ ድረስ ዘልቆ ስለ አገሩና ስለ መንግሥቱ ሁለት ጥራዝ ጽፏል። እንግዲህ ዘውዱን ማን እንደ ደፋው እናውቃለን። ማን እንደ ማረከው እናውቃለን። ማን ባሕር እንዳሻገረው እናውቃለን። በማን መዶሻ እንደ ተሠራስ? ከቶ የጠየቀ አለ? የአንድ መንግሥት ክብር በእጁ ሥራ ላይ ሲቀመጥ የሠሪው ስም ያላስፈለገው ሕዝብ፣ ዛሬ ለሳሎኑ የሚገዛውን ቅርጽ ማን እንደ ሠራው ባይጠይቅ ምን ይገርማል!

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «እኛ የሥዕል እንጂ የቅርጻ ቅርጽ ባህል የለንም» ሲሉ ይደመጣሉ። አዲስ አበባን ብቻ ዞሮ ያየ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። በ1923 ዓ.ም. የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የጀርመናዊ እጅ አለበት። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለውን የድንጋይ አንበሳ የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። የስድስት ኪሎውን የሰማዕታት ሐውልት የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት በ1977 ዓ.ም. የቆመው የትግላችን ሐውልት ደግሞ ያለ ሰሜን ኮርያ እጅ አልቆመም። እርግጥ ነው፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የራሳችንን ቀራጮች አፍርቷል። ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ እስከ ቀጥቃጩ ወናፍ ድረስ ያለው መንገድ እስከ ዛሬ በወጉ አልተጠረገም። አንዱ «አርቲስት» ተብሎ ይከበራል፤ ሌላው «ጠይብ» ተብሎ ይሰደባል።

ባህሉ የለም የሚሉት ሰዎች የፈለጉት በአደባባይ ስለሆነ ነው ያጡት። ወደ ቤት ይግቡ። ቡና የሚፈላበትን ሥፍራ ይመልከቱ። ብረት ምጣዱን የሠራው ባለ እጅ ነው። ቡናው የሚወቀጥበትን ዘነዘና አግሎ፣ መትቶ፣ ቀጥ አድርጎ ያወጣው ባለ እጅ ነው። የጀበናዋን አንገት እንደዚያ ያሰገገችው የሸክላ ሠሪዋ ጣት ናት። ከጓዳው ጥግ ያለው የድንጋይ ወፍጮስ? ከመጁ ጋር ገጥሞ እንዲፈጭ ሆዱን ያጎደጎደው፣ ሲለሰልስ እየዞረ የሚወቅረው ማን ነው? ይህ ሁሉ ከዕለት ጉልበታችን ጋር የተስማማ ቅርጽ ነው። እኛ ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ የምንጨብጠውን ነገር ጥበብ ብለን ለመጥራት አንደበታችን ይያዛል። ከሁሉም የሚያስቀው ይህን ሁሉ ከበን የምንጠጣበት ሲኒ ከቻይና የመጣ መሆኑ ነው፤ እንግዳ ሲመጣም ተሽቀዳድመን የምናሳየው ሲኒውን ነው።

ድንጋዩም ታሪክ አለው። ዛሬ ከካፋ፣ ከሸካና ከቤንች ጋር በአንድ ክልል ውስጥ ያለው ዳውሮ፣ የንጉሥ ሃላላ ካብ የሚባለውን የድንጋይ ግንብ ይዟል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ኖራና ያለ ሲሚንቶ ተደርድሮ ተራራውን እየዞረ የሚሄድ የመከላከያ ካብ ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ አለፍ ስንል፣ በሶዶ ጉራጌ ምድር የጢያ ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ ከ36ቱ 32ቱ የጎራዴና የሌላ ምልክት ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ድንጋይ መጥረብ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው ጠራቢውን በስሙ መጥራት ነው።

አፄ ምኒልክ ይህን በሽታ አውቀውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በላ እያሉ ማዋረድ አገር ያደኸያል የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል። በመካከሉ አብዮት መጣ፤ ባለ እጅ «ላብ አደር» ተባለ፤ ማኅበር ተቋቋመለት። ከዚያ ወዲህም ሕገ መንግሥቱ እኩልነትን ጻፈ። ስድቡ ግን ከአፍ ቢወርድ ከልብ አልወረደም። ምክንያቱ አይሠወርም፦ አዋጅ ምላስን ይቀጣል እንጂ ማዕድ አያስቀርብም፤ ልጅ አያጋባም። ዋጋም አይጨምርም።

ስለ ዋጋ ከተነሣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቀጥቃጭ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ወይም ከቁራጭ ፌሮ ዶማ አውጥቶ ገበያ ሲያወርድ፣ ገዢው ብረቱን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ በክብደቱ ይከራከረዋል። የብረቱ ዋጋ ይቆጠራል፤ የከሰሉ እንኳ አንዳንዴ ይቆጠራል፤ የእጁ ግን አይቆጠርም። ይኸው ገዢ ከከተማ ወጥቶ ለአዲሱ ቪላው ከውጭ የመጣ የብረት ጌጥ ሲገዛ «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ለባዕድ እጅ ጥበብ እንከፍላለን፤ ለወገን እጅ ሚዛን እናቀርባለን። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ስንል የኖርን ሰዎች የገዛ ሰርዷችንን ለባዕድ በሬ ትተን ጭድ በውጭ ምንዛሪ እያስገባን ነው።

የቡናው ሰው ይህን ክርክር ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። ጌሻ የሚባለው ቡና ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ተሰብስቦ ወጣ። አገር ላገር ዞሮ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ ላይ በስሙ ቀርቦ አንድ ፓውንድ በ21 ዶላር ሲሸጥ ገበያው ጉድ አለ። ጣዕሙ ድንገት አልተፈጠረም፤ በጫካችን ሳለም ነበረው። ስም አግኝቶ ለብቻው በተለየ ጊዜ ነው ዋጋ ያገኘው። እንግዲህ ስም ዋጋ መሆኑን በገዛ ፍሬው ላይ ያየ ነጋዴ፣ ሥራው ሁሉ ያለ ስም የሚሸጠውን ጎረቤቱን ቀጥቃጭ እንዴት አያይም?

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። አንደኛው «ቀጥቃጩ ዶማ እንጂ ቅርጽ አይሠራም፤ ለጌጥ የሚሆን እጅ የለውም» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ወደ ዚምባብዌ ይመልከቱ። በዚያ ቴንጌኔንጌ በሚባል ሥፍራ ቶም ብሎምፊልድ የተባለ ትምባሆ አምራች ነበር። በአገሪቱ ላይ ማዕቀብ ተጥሎ የትምባሆው ገበያ ሲበላሽ፣ በእርሻው ውስጥ ለመጥረብ የሚመች ድንጋይ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሻው ሠራተኞችና ሌሎችም ድንጋይ መቅረጽ ጀመሩ። ትናንት ትምባሆ ይለቅም ከነበረው እጅ የወጣው ቅርጽ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞችና ሳሎኖች ይታያል። በርናርድ ማቴሜራና ሄንሪ ሙንያራድዚ ከዚያ ሥፍራ የወጡ ስመ ጥር ቀራጮች ናቸው። ልብ በሉ፣ «የቴንጌኔንጌ ሰዎች» ብቻ ተብለው አልቀሩም፤ በየስማቸው ተጠሩ። ሠፋፊ የቡና እርሻ ያላቸው በበቃና ቴፒ፣ ዕድሜ ልኩን በብረት የኖረ ባለ እጅ በአጠገባቸው እያለ ከትምባሆ ለቃሚው ያንሳሉ? የሚጎድለው እጅ አይደለም። የሚጎድለው «ሥራልኝ፣ ደግሞ ስምህን ጻፍበት» የሚል ሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «የቀጥቃጭን ልጅ ቀጥቃጭ ሁን ማለት የጥንቱን ግፍ በአዲስ ቀለም መቀባት ነው፤ ልጁ ሐኪም ቢሆን ምን አለበት?» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ልጁ ሐኪም ይሁን፤ ማንም አያስቀረው። ነገር ግን የሐኪሙ ልጅስ ቀጥቃጭ ቢሆን? ሥራው ክብርና ገንዘብ ካገኘ የማንም ልጅ ይሠራዋል፤ ያኔ ብረት የዘር ዕጣ መሆኑ ይቀራል። ግፉ ያለው አንድ ሰው ብረት በመቀጥቀጡ ላይ አይደለም። ብረት በመቀጥቀጡ ሰውነቱ በመቀነሱ ላይ ነው። ሙያውን በመግደል ግፉ አይሞትም፤ ሙያውም ግፉም አንድ ላይ ይኖሩ የነበረው እኛ ስላጋባናቸው ነው፤ እኛው እናፋታቸው።

ሦስተኛው ደግሞ «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል፤ ቱሪስቱ ሲገዛ ክብሩ ይመጣል» የሚል ነው። ይህ እንኳ በገዛ ታሪካችን ውድቅ ሆኗል። ጎንደር አጠገብ ያለችውን ወለቃን እናስታውስ። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆነው ኖሩባት። የሴቶቹ የሸክላ ምስሎች በቱሪስት ተወደዱ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ማዶ በየቤቱ መደርደሪያ ተደረደሩ። ምስሎቹ መደርደሪያ ላይ ወጡ፤ ሠሪዎቹ ግን በገዛ ጎረቤታቸው አፍ «ቡዳ» መባላቸው አልቀረም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺሕ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው ሲሄዱ ያ ሁሉ እጅ አብሮ ሄደ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሃይማኖቱም ጦርነቱም አለበት። ነገር ግን ጎረቤት ሆኖ «አትሂዱብን» ለማለት የሚያስችል ፊት የነበረው ስንቱ ነው? ገበያ ዕቃን ያስወድዳል፤ ሰውን ማስከበር ግን የሰው ሥራ ነው።

ገበያ ብቻውን ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ ከኮንሶም ተምረናል። ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች ለጀግና መታሰቢያ በመቃብር ሥፍራ የሚቆሙ ነበሩ። የባዕድ ሰብሳቢ ሳሎኑን ሊያስጌጥባቸው ሲፈልግ ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ተሸጡ። የተረፉትን ለማዳን ሙዚየም ማቋቋም ግድ ሆነ። እንጨት ሆኑ እንጂ ብረትም ድንጋይም ቢሆኑ ዕጣቸው ያው ነበር። ስለዚህ ቤቱን የሚያስጌጥ ሰው አንድ ድንበር ይወቅ፦ ለመታሰቢያና ለአምልኮ የቆመ ነገር የግድግዳ ጌጥ አይደለም። ጌጥ የሚፈልግ ሰው ለጌጥ የሚሠራ እጅ ይቅጠር፤ ለሙታን የቆመውን ለሙታን ይተውላቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኮሚቴ ይቋቋም፣ ባዛር ይዘጋጅ፣ ዐውደ ጥናት ይጠራ አንልም፤ በነዚህ ስንዋኝ ኖረናል። የደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲቋቋም ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ መቀመጫዎቹ ሆነዋል። አዳዲስ ቢሮዎች፣ አዳራሾች፣ የእንግዳ ማረፊያዎች በነዚህ ከተሞች ይሠራሉ። በዳውሮ ሃላላ ኬላ ሪዞርት ተሠርቶ እንግዳ ይቀበላል። ለእነዚህ ቤቶች በርና ግድግዳ የሚሆን ጌጥ ከመርካቶ መጫን ይቅርና በአካባቢው ባለ እጅ ይሠራ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለደጃፉ ባዕድ አይደለም፤ ቀጥቃጩን ለጥናት መጠይቅ መሙያ ብቻ ሳይሆን ለተማሪ ሠርቶ እንዲያሳይ ጠርቶ፣ እንደ መምህር ይክፈለው። በየከተማው አደባባይ የሲሚንቶ ጀበና የሚያቆሙ ከንቲባዎችም ሲሚንቶውን ከማፍሰሳቸው በፊት ወናፍ ካለበት ቤት ጎራ ይበሉ።

ለእኛ ለተራ ገዢዎች ደግሞ ሦስት ነገር ይበቃል። ስንገዛ የሠሪውን ስም እንጠይቅ፤ ከሥራው ላይ እንዲቀርጸውም እንለምነው። ስንከፍል ብረቱን ሳይሆን እጁን እንመዝን። ሦስተኛው ከሁለቱም ይከብዳል፤ ገንዘብ ስለማይፈታው ይከብዳል። ያ ሰው ሥራውን ተሸክሞ ከበራችን ሲደርስ፣ «እዚያው አስቀምጠው» ብለን ከደጅ አንሸኘው። ያዘዝነውን ብረት ከግድግዳው ላይ ራሱ ይስቀለው፤ ቀና መሆኑን ከሳሎኑ መካከል ቆሞ ራሱ ይየው። ቡናው ይፈላ፤ አቦሉን ይጠጣ፤ ቶናና በረካውም ይድረሰው። ከዚያ በኋላ እንግዳ መጥቶ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቀን፣ «ጠይብ ነው» ሳይሆን እገሌ ነው ብለን ስሙን እንንገረው።

ይህን ማድረግ ካልቻልን የጀሶውን አንበሳ መልሰን ብናስቀምጠው ይሻላል። እርሱ ቢያንስ ማንንም ከደጅ አላቆመም።